በበቂ የተለወጠ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤
ትራንዚተር አስፋቸው በሬ ላይ ተሰይሟል።
እጁ ላይ ፋይል አለ፤ ፋይሉ ላይ የሻይ ክብ፤
«ዛሬ ካልፈረምሽው ያመልጠኛል መርከብ!»
ከውጭ ከጥላው ሥር፣ ጎማ ተደግፎ፣
ሾፌሩ ረመዳን ተቀምጧል አኩርፎ።
ከሐዋሳ ሞጆ፣ ከሞጆ ጋላፊ፣
ስንት መዝገብ ገላጭ፣ ስንት ቁጥር ጻፊ!

አራት ሺህ ሸሚዝ ነው፤ ነጭ፣ ባለ ኮሌታ።
ባሕር ማዶ ሲደርስ ከቀረጥ እንዲፈታ
የኔን ፊርማ ይሻል፣ የክቡን ማኅተም፤
«የኛ ነው» የሚል ቃል፣ የሰማያዊ ቀለም።

ቅጹ ይጠይቃል፦ የስሪት አገሩ?
ጨርቁ ከቻይና ነው፣ ከሕንድ ነው ክሩ።
የቁልፉ ደረሰኝ ጫፉ ተበልቶ
«ቱር» ላይ ነው የቆመው፤
የቀረው የአይጥ ድርሻ ነው።

የኛስ የቱ ነው?
መብራቱ። ውሃው።
ደግሞ ሎላሜ፣ ከአለታ ወንዶ የመጣች፣
እጅጌ ገጥማ፣ ገጥማ፣
በእንቅልፏ ፔዳል ስትረግጥ ጎረቤት የሚሰማ።
ድካሟን በብር አስልተው
ከዝርዝሩ ግርጌ አስቀምጠውታል፤
ከቁልፉ ይቀላል፣
ከካርቶኑም ይቀላል።

ሕጉ ግን (ሕግም አንዳንዴ ሰው የጻፈው ይመስላል)
እንዲህ ይላል፦
ሙሉ በሙሉ እዚህ ያልተገኘ ዕቃ፣
ከሩቅ ቢመጣ እንኳ፣
እዚህ በበቂ ከተለወጠ
የዚህ ነው።
ጨርቅ ሆኖ ገብቶ ሸሚዝ ሆኖ ከወጣ
አይጠየቅም ወዲያ፣ ማን ፈተለው፣ ከየት መጣ።

ሙሉ በሙሉ የተገኘማ
የሐይቃችን ቆሮሶ ነው፤
እዚያው የተፈለፈለ፣ እዚያው መረብ የወረደ፣
አንጀቱን እንኳ ለአባ ኮዳ ጥሎ
ከሐይቁ ዳር ያልተሰደደ።

እኔ ቆሮሶ አይደለሁም።
አባቴ ከወረኢሉ፣ በትራክተር ነጂነት፤
እናቴ ከቦዲቲ፣ በቅቤ ነጋዴነት፤
ጥቁር ውሃ ኬላ ላይ
ተገናኙ፣ ሊጣሉ፣ በአንድ ቅል ቅቤ ዋጋ ላይ።

ባለፈው ሰኔ ቀበሌ ሄድኩ፣ መታወቂያ ላሳድስ።
ልጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፣
«ብሔር?» አለኝ።
ዝም።
«የመጣሽበትን ነው የምጠይቅሽ።»
የመጣሁበትማ ከአዳሬ ሆስፒታል፣ በጋሪ ነው።
አልሳቀም።
«የአባትሽን ወይ የእናትሽን፤ ሁለት አይጻፍም፤ ቦታው ጠባብ ነው።»

ምነው ያኔ ይህ አንቀጽ ትዝ ባለኝ!
እል ነበር፦ ወንድሜ፣
ጥሬ ዕቃዬ ከሌላ፣ ስፌቴ ግን ከዚህ ነው፤
ጉልበቴን ታቦር ተራራ ነው የላጠው፤
ስድብ ያስተማረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት፣ በሲዳምኛ፤
ምርቃቱን ከእናቷ ነው የለመድኩት።
ደግሞ ጥርሴን እይ፣
ይህን ቡናማ መስመር የጉድጓዱ ውሃ ነው ያተመው፤
የትኛው መሥሪያ ቤት
እንዲህ የማይለቅ ማኅተም አለው?

አስፋቸው ያስላል።
እደምራለሁ፤ ጨርቅ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ካርቶን፣
ይጎድላል፣ በጥቂት ይጎድላል፤
ግርጌ ላይ ያለችውን የሎላሜን ሳንቲም ስጨምር
አለፈ። ለጥቂት፣ ግን አለፈ።
ማኅተሙን ተፍ ብዬ አሞቅሁት፣
መታሁት።
አራት ሺህ ሸሚዝ የአገሬ ልጅ ሆነ።

ረመዳን ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣
ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ወደ ሰሜን አለፈ።
አስፋቸው እንኳ «እግዜር ይስጥሽ» ሳይል ተከትሎት ሮጠ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ።
ያቺ መታወቂያ፣ ከሰኔ ወዲህ አላየኋትም።
ብሔር ከሚለው ቃል ፊት ለፊት
ልጁ ሰረዝ አስምሯል፤
አንዲት አጭር፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለች ሰረዝ።

ስፌት ትመስላለች።
ሎላሜ ብታያት፣ ጥፍሯን ከሥሯ ሰክታ ሳብ አድርጋ፣
«አንድ ስፌት አይይዝም፣
ድገሚው» ትለኝ ነበር።